ጥበብና የእጅ ሥራ በጥንታውያን ክርስቲያን ጸሐፊዎች ዘንድ

«ጥበብ» የሚለው ቃል በቋንቋችን የሰሎሞንን ማስተዋል ያመለክታል፤ ደግሞም ሸማኔ በቀሚስና በኩታ ጫፍ ላይ የሚሠራው ባለቀለም ጌጥ በዚሁ ስም ይጠራል። ይህም የእኛ ቋንቋ ጠባይ ብቻ አይደለም። በዕብራይስጥ «ሖክማ» የተባለው ቃል በኦሪት ዘጸአት ለድንኳኑ ሠሪ ለባስልኤል ሙያ ተነግሯል፤ በግሪክም «ሶፊያ» በሆሜር ግጥም የመርከብ እንጨት የሚያቀና አናጢ ችሎታ ነው። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያን ጸሐፊዎች ስለ ጥበብ ሲጽፉ የተቀበሉት ቃል ይህን ያህል ሰፊ ነበር።

ይሁን እንጂ ከእነርሱ ዘመን አስቀድሞ ቃሉ ከእጅ ተወስዶ ለመጽሐፍና ለአንደበት ተሰጥቶ ነበር። ሲራክ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ180 ዓመት ገደማ በኢየሩሳሌም ሲጽፍ፣ በ38ኛው ምዕራፍ አራሹን፣ ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪውን ያነሣል። ያለ እነርሱ ከተማ እንደማይቆም ይመሰክራል፤ በሸንጎ ግን ስፍራ አይሰጣቸውም፤ ጥበብ ፋታ ላለው ጸሐፊ ናትና። ከሲራክ ከአንድ ሺሕ ዓመት በላይ አስቀድሞ የግብፅ ተማሪዎች ይገለብጡት የነበረው የኬቲ ትምህርትም የጸሐፊነትን ሥራ ለማክበር ሲል የእጅ ሥራን ሁሉ ይሣለቅበታል። ሲራክ ከዚያ ይልቅ ለዘብ ያለ ነው።

እንግዲህ በማርቆስ ወንጌል 6ኛ ምዕራፍ የተጻፈው ነገር እንዴት ያለ እንግዳ ነገር እንደ ነበር ይታያል። የጌታ የአገሩ ሰዎች በጥበቡ ይደነቁና ወዲያው ጸራቢነቱን አንሥተው ይሰናከሉበታል። በማቴዎስ ዘንድ ቃሉ «የጸራቢ ልጅ» ወደሚል ተለውጧል።

ጳውሎስም በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፋ ይኖር ነበር። ለዚያች ከተማ ሰዎች በላከው በመጀመሪያው መልእክቱ የዚህን ዓለም ጥበብ የነቀፈውን ቃል እየጠቀሱ ተማሪውን ከትምህርት የሚያስፈራሩ ሰዎች አጋጥመውናል። አነባበባቸው ትክክል አይመስለንም። ቆሮንቶስ በንግግር ችሎታ የሚፎካከሩባት ከተማ ነበረች፤ ሐዋርያው የነቀፈው ማኅበሩን በየመምህሩ ስም የከፋፈለውን ትምክሕት ነው። በ3ኛው ምዕራፍማ ራሱን ጠቢብ የአናጺዎች አለቃ ብሎ ይጠራ የለምን? በዚህ ስፍራ የግሪኩ ቃል ወደ ጥንት ቤቱ፣ ወደ እጅ ሥራ ተመልሷል።

የኋለኞቹ ሊቃውንት ግን ይህን መንገድ አጥብቀው አልያዙም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ178 ዓ.ም. ገደማ ኬልሱስ የተባለው ፈላስፋ ክርስቲያኖችን ሲያዋርድ፣ መምህሮቻቸው ሱፍ ሠሪዎች፣ ጫማ ሰፊዎችና ልብስ አጣቢዎች ናቸው ብሎ ሣቀባቸው፤ በጌታም ጸራቢነት ላይ አፌዘ። ኦሪገን በ248 ዓ.ም. ገደማ ስምንት መጻሕፍት ጽፎ መለሰለት። መልሱ በብዙ ስፍራ የሚያስደንቅ ነው፤ ስለ ጸራቢው ግን፣ በአብያተ ክርስቲያናት ከሚነበቡት ወንጌሎች በአንዱም ኢየሱስ ራሱ ጸራቢ አልተባለም አለ። ምናልባት በእጁ የነበረው የማርቆስ ግልባጭ «የጸራቢ ልጅ» ይል ነበር፤ እንዲህ የሚሉ ጥንታውያን ግልባጮች አሉና በሐሰት አንከሰውም። የምናዝነው፣ ጸራቢ መሆን ምን ነውር አለበት ብሎ ለመጠየቅ ባለመድፈሩ ነው። ያን ያህል መጽሐፍ ያነበበ ሰው በዚህ ነገር የተከራካሪውን ሚዛን ተቀበለ።

በኦሪገን የምንፈርድ እኛም ከዚሁ ነቀፋ ነፃ አይደለንም። አንጥረኛውን ለመስደብ ስንጠቀምበት የኖርነው «ጠይብ» የሚለው ስም «ጠቢብ» ከሚለው የግእዝ ቃል የወጣ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። የማርቆስን 6ኛ ምዕራፍ የሚያስተምር መምህር ይህን አዋጅ አብሮ ቢያስነብብ፣ የገሊላ ሰዎች ስለ ምን እንደ ተሰናከሉ ለተማሪዎቹ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም።