የቃል ምስክር በኃይሌ ገሪማ ዘጋቢ ፊልሞች

የፊልም ሠሪው የኃይሌ ገሪማ ስም ሲነሣ ልብ ወለድ ፊልሞቹ «ሳንኮፋ» እና «ጤዛ» ይቀድማሉ። «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ፣ በማግሥቱም ዓመት በዋጋዱጉ ተሸልሟልና ክብሩ ይገባዋል። ዘጋቢ ፊልሞቹ በጥናቶች ውስጥ እንደ ትርፍ ሥራ መታየታቸው ግን ያስቆጫል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» በሚባልበት አገር ተወልዶ፣ የቃልን ምስክርነት ከጽሑፍ እኩል ያቆመው በእነዚህ ፊልሞች ነው።

ጎንደር ተወልዶ ያደገው ኃይሌ የተውኔት ደራሲ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ ገብቶ በቺካጎ ትወና፣ በሎስ አንጀለስ ፊልም ተማረ፤ ከ1975 ጀምሮ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1985 ስለ ገጣሚው ስተርሊንግ ብራውን የሠራውን ፊልም ከተማሪዎቹ ጋር ነው ያዘጋጀው።

የቀደመው «ዊልሚንግተን 10 – ዩ.ኤስ.ኤ. 10,000» የተነሣው ከአንድ የፍርድ መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በሰሜን ካሮላይና አንድ መደብር ተቃጠለ ተብሎ ዘጠኝ ጥቁር ወንዶችና አንዲት ነጭ ሴት ተከሰሱ፤ የተፈረደባቸው እስራት ሲደመር 282 ዓመት ደረሰ። ዋናው የዐቃቤ ሕግ ምስክር በ1976 ቃሉን አጠፈ፤ ፍርዱ የተሻረው ግን በ1980 ነው። ፊልሙ የተሠራው ከዚያ በፊት፣ መዝገቡ ገና «ጥፋተኛ» እያለ ነው። ኃይሌ ጉዳዩን እንደገና ለመዳኘት ችሎት አላስቀመጠም። ለማኅበረሰቡ ሰዎች ጊዜ ሰጥቶ አዳመጠ፤ የርዕሱ 10,000 እንደሚጠቁመውም የአሥሩን እስር ከብዙዎች እስር ጋር አያያዘው።

«ዐድዋ» (እ.ኤ.አ. 1999) ደግሞ ሌላ ችግር ነበረበት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከጣልያን ጋር የተደረገውን ጦርነት በዐድዋ ተራራ ላይ የቀረጸ የፊልም ካሜራ የለም። ኃይሌ በባለሙያ ተዋናዮች ጦርነቱን ከማስመሰል ይልቅ ወደ ሽማግሌዎች ትረካ፣ ወደ ዘፈንና ወደ ሥዕል ሄደ። በባህላዊው የዐድዋ ሥዕል ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ከሰማይ ይወርዳል፤ የእኛ ሰዎች ፊታቸው በሙሉ ይታያል፣ ጠላት ግን በጎን ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። የታሪክ ተመራማሪ ይህን «አፈ ታሪክ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ለእኔ ግን አንድ ሕዝብ ድሉን እንዴት እንደተረዳው የሚናገር ሰነድ ነው፤ ፊልሙም ሥዕሉን ለማስጌጫ ሳይሆን ለምስክርነት መጥራቱ ትልቁ ብልሃቱ ይመስለኛል።

ዋጋ ግን አስከፍሎታል። የቃል ትረካ አንድ ድምፅ ሆኖ ሲፈስ ያጠግባል፣ ያኮራልም፤ እርስ በርሱ የሚጋጨውን ነገር ግን ይሸፍናል። ከጣልያን ጎን የተሰለፉት የኤርትራ አስካሪዎች፣ ከተማረኩትም ብዙዎቹ ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው የተቆረጠው፣ በዚህ የድል ዜማ ውስጥ ድምፃቸው በቅጡ አይሰማም። ምስክርን ከመዝገብ ጋር ለማፋጠጥ በዊልሚንግተን የደፈረው ኃይሌ፣ ምስክርን ከምስክር ጋር በማፋጠጥ ረገድ በዐድዋ ተቆጥቧል ብዬ አምናለሁ። ቀጣዩ የፊልም ጥናት ሊመረምረው የሚገባው ይህን ነው፤ የአያቶቹን ትረካ ሳይንቅ፣ በዚያው ተራራ ላይ እጁን ያጣውንም ሰው ልጆች አዳምጦ።