ድስቱ ከእሳት ሲወርድ

ጉንፋን የያዘው ሰው ደጄ ሲመጣ ቀድሜ የማየው አተነፋፈሱን ነው። ደረቱ ሲር ሲር የሚል፣ ትኩሳቱ ሦስት ቀን አልለቅ ያለው፣ ወይም ገና በእቅፍ ያለ ሕፃን ከሆነ ቅጠል አልቆርጥም፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት እላለሁ።

ለቀረው መጀመሪያ ዳማከሴ ነው። እናቴ ለምችም ለጉንፋንም እሱኑ ትቀጥፍ ነበር። ለጋውን ቅጠል በመዳፌ አሽቼ፣ ጣቴ አረንጓዴ እስኪሆን እጨምቀዋለሁ። ይሸተታል፣ ግንባር ይቀባል፣ የቀረችው ጠብታ ቡና ላይ ጠብ ትላለች። በብዙ ውኃ አፍልተው ሽታውን ለጣሪያ የሚያበሉ አሉ፤ እነሱን ሳይ አንጀቴ ያርራል።

አፍንጫው ጭራሽ ለተደፈነ ግን ባሕር ዛፍ ነው፤ ቅጠሉ በድስት ፈልቶ በእንፋሎቱ ይታጠናል። ነጩን እመርጣለሁ፤ ያውም ከጉቶው ዳግም ያቆጠቆጠውን፣ ቅጠሉ ክብ ሆኖ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስለውን። «የጥንት አባቶቻችን መድኃኒት» ሲሉት ፈገግ እላለሁ። ዛፉ አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ ወደ እኛ የመጣው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ ማገዶ ሲቸግራት ነው። ከጓሮዬ ጤና አዳም አጠገብ ገና የትናንት እንግዳ ነው።

ከዓመታት በፊት የእህቴን ልጅ ገና በሚንተከተክ ድስት ላይ አስጎንብሼ ጋቢ ደረብኩበት። ሲያስነጥሰው ጉልበቱ ድስቱን ገፋው። ጭኑ ላይ ያለው ጠባሳ ዛሬም አልጠፋም፤ እሱ ይስቅበታል፣ እኔ አልችልም። ከዚያ ወዲህ ልጅ አላጥንም። ለአዋቂም ድስቱ ከእሳት ወርዶ፣ እንፋሎቱ በረድ ብሎ፣ የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ዓይን ተጨፍኖ፣ ፊት ራቅ ብሎ፣ ቢበዛ አምስት ደቂቃ። ፊትን ካቃጠለ ቀርበዋል ማለት ነው።

እንፋሎቱ ጉንፋኑን ያድናል ብዬ ማንንም አልዋሸሁም። ንፍጡን ያላላል፣ ለሌሊቱ ትንሽ እንቅልፍ ያስገኛል፤ ጉንፋኑ የሚሄደው በራሱ ቀን ነው።

አንድ አደራ ብቻ፦ በጠርሙስ የሚሸጠውን የባሕር ዛፍ ዘይት ማንም እንዳይጠጣው፣ ልጅ በማይደርስበትም አስቀምጡት። ለትንሽ ልጅ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ መርዝ ነው።