ከፍ ያለው ቶዮታና ያልታዘዘው መሪ

እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1985 ለአሜሪካ ገበያ የቀረበው ፎር ዊል ቶዮታ ፒክአፕ ፊቱ ወጥ አክስልና ባሌስትራ ነው። ትልቅ ጎማ ሊያስገቡለት ከፍ ያደርጉታል፤ ያኔ መሪው አልታዘዝ ይላል። ለዚህ ፍቱን ነው የሚባለው መላ «ክሮስኦቨር» ነው። ሙገሳው ይገባዋል፣ በልኩ ከሆነ።

በፋብሪካው አሠራር ከመሪ ሳጥኑ የሚወጣው ዘንግ በሻንሲው ቁመት ሄዶ የግራውን ጎማ ይገፋል፣ ይስባል። መኪናው ከፍ ሲል ዘንጉ ይዘቀዝቃል፤ ጣጣው ያለው እዚህ ነው። 90 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ እንውሰድ። አግድም ተጋድሞ ሳለ አንዱ ጫፉ በ5 ሴንቲ ሜትር ቢነሳ፣ በአግድም የሚሸሸው 1.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጫፉ አስቀድሞ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከሆነ ግን ያው 5 ሴንቲ ሜትር 7 ሚሊ ሜትር ያስኬደዋል። ሹፌሩ መሪውን ቀጥ አድርጎ እንደያዘ ጎማው በየጉድጓዱ በራሱ ይዞራል።

ርካሹ መፍትሔ ሳጥኑን ከዘንጉ የሚያገናኘውን ፒትማን ክንድ ወደ ታች በታጠፈ መተካት ነው። ዝቅዝቃቱን ይቀንሳል፣ ግን የሳጥኑን የውስጥ ዘንግ ይበልጥ ይጠመዝዛል። እኔ ማስታገሻ እንጂ ጥገና አልለውም።

ክሮስኦቨር ሐሳቡን ከሥሩ ይቀይራል። ከ1986 እስከ 1995 ከተሠሩት ሞዴሎች የመሪ ሳጥን ይወሰዳል፤ ክንዱ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፣ ረጅሙ ዘንግም መኪናውን አቋርጦ የቀኙን ጎማ ይይዛል። የመሪ ክንዶቹ ከላይ ሲታሰሩ ዘንጉ ከባሌስትራው በላይ ስለሚያልፍ ከድንጋይ ይተርፋል። ያማረ ሥራ ነው፤ ሻንሲው በወፍራም ላሜራ ካልተጠናከረ ግን ሳጥኑ የታሰረበት ቦታ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል።

አወዳሾቹ የሚዘሉት ካስተሩን፣ ማለትም ጎማው የሚዞርበት ምሰሶ ወደ ኋላ ያለውን ዝንባሌ ነው። በዚህ መኪና ባሌስትራውን ከሻንሲው የሚያያይዘው ሻክል ከፊት ስለሆነ፣ ቁመቱ የመጣው በረጅም ሻክል ከሆነ የባሌስትራው አፍንጫ ይደፋል፤ ካስተር ይቀንሳል፤ መሪውም ከጥምዝ በኋላ ወደ ቦታው መመለስ ይሰንፋል። ይህን ክሮስኦቨር አይነካውም። ከባሌስትራው ሥር ሽብልቅ ማስገባት ካስተሩን ይመልሳል፣ ግን የዲፈረንሻሉን ፒኞን ወደ መሬት ስለሚያጎነብሰው የፊት ትራንስሚሽኑ ክሮቼራ ይሰቃያል። ሁለቱንም የሚያስማማው የአክስሉን ጫፎች ቆርጦ፣ አዙሮ መበየድ ነው፤ ዋጋውም እጅም ይጠይቃል።

ስለዚህ ኪሱ ለአንዱ ብቻ የሚበቃለት ሰው መጀመሪያ ረጅሙን ሻክል ያውጣ፤ ቁመቱንም በራሱ ቅስት ካለው ባሌስትራ ያግኝ። ሳጥኑ ቆይቶ ይደርሳል።