«የአርባ ፍሬ ዛፍ»፤ ሥዕሉና ተክሉ

በአንድ ግንድ ላይ አርባ ዓይነት ፍሬ የሚያፈራ ዛፍ አለ ቢባል፥ ሰሚው ተረት ነው ማለቱ አይቀርም። እኛም ተጠራጥረን ነበር። ዛፉ ግን አለ፤ ሠሪውም በሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው አሜሪካዊ የኪነ ጥበብ ሰው ሳም ቫን ኤከን ነው። ሥራው የቀረበው በኪነ ጥበብ ስም ስለ ሆነ በዚያው ሊመዘን ይገባዋል፤ ዛፍም ስለ ሆነ ግን የአትክልተኛው ሚዛን አይቀርለትም።

በፈረንጆች አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. ቫን ኤከን በኒው ዮርክ ግዛት ጄኔቫ ከተማ የአንድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ የፍሬ ዛፎች በገንዘብ እጦት ሊነቀሉ መሆኑን ሰማ። ማሳውን ተከራየ፤ ከዚያ ያገኛቸውን የኮክ፥ የፕሪም፥ የአፕሪኮት፥ የቼሪና የአልሞንድ ዝርያዎችም በአንድ ግንድ ላይ ይቀጥል ጀመር።

ብልሃቱ አዲስ አይደለም። በነሐሴ ገደማ ከተፈለገው ዝርያ አንድ እንቡጥ ከቅርፊቱና ከጥቂት እንጨት ጋር ይቀረፋል፤ በተቀባዩ ቅርንጫፍ ላይ በልኩ በተቈረጠ ቦታ ይገባና፥ ከቅርፊት በታች ያሉት የሁለቱ ለምለም ሽፋኖች እንዲገጥሙ ሆኖ ይጠቀለላል። የብርዱን ወራት አልፎ ከያዘ፥ ከበላዩ ያለው ቅርንጫፍ ይቈረጥና እንቡጡ ያድጋል። በልማድ ይህን ማዳቀል እንለዋለን፤ ነገር ግን የሁለቱ ዘር ስለማይቀላቀል እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የገዛ ፍሬውን ብቻ ያፈራል።

ሥራውን ልዩ ያደረገው ብዛቱ ነው። በዚህም የቀደመው አለ። ሮማዊው ፕሊኒዩስ በመጀመሪያው መቶ ዓመት፥ ቲቮሊ አጠገብ በአንዱ ቅርንጫፍ ወይን፥ በሌላው በለስ፥ በሌላውም ሮማን የተሸከመ ዛፍ አየሁ ብሎ ጽፏል፤ ዕድሜው አጭር እንደ ነበረም ይጨምራል። እነዚህ በወገን እጅግ የተራራቁ ስለ ሆኑ እውነተኛ ቅጥያ ሊሆን አይችልም፤ ምናልባት አትክልተኛው በጸሐፊው ተጫውቶበት ይሆናል። ቫን ኤከን ግን የመረጣቸው ሁሉ ፕሩኑስ የሚባለው ወገን ልጆች ናቸው። ምኞቱን በተፈጥሮ ልክ መወሰኑን እናደንቃለን። አርባ የሚለውንም ቍጥር ስፍር ለሌለው ብዛት ምልክት አድርጎ ከሃይማኖት ወስዶታል፤ የኖኅን ዝናምና የጌታን ጾም ለሚያውቅ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም።

ቅሬታችን የሚጀምረው ከሥዕሉ ነው። ዓለም ዛፉን ያወቀው ሮዝ፥ ነጭና ሐምራዊ አበባ በአንድ ጊዜ ፈንድቶ በሚታይበት ምስል ነው። ምስሉ ግን ሠሪው በኮምፒዩተር ያዘጋጀው ንድፍ እንጂ ፎቶግራፍ አይደለም፤ ከእኛም ብዙዎቻችን ዛፉን ያደነቅን መስሎን ንድፉን አድንቀናል። አልሞንድና አፕሪኮት ቀድመው፥ ሌሎቹ ዘግይተው ስለሚያብቡ፥ በእውነተኛው ዛፍ ላይ አንዱ ቅርንጫፍ ሲረግፍ ሌላው ገና ይፈካል። ተመልካቹ አንድ ቀን አይቶት የማይጨርሰው፥ ደግሞ ደጋግሞ መምጣት የሚያስፈልገው ዛፍ ነው። ይህን የመሰለ ነገር በእጁ እያለ ስለ ምን በንድፍ እንደ ሸፈነው አይገባንም።

ሁለተኛው ቅሬታ ይከብዳል። ዛፉ ሊጠፉ የነበሩ ዝርያዎች ማኅደር ነው ተብሎ ይወደሳል። አርባ ዝርያ በአንድ ሥር ላይ ማኖር ግን ቅጂ የሌላቸውን አርባ መጻሕፍት በአንድ ሣጥን እንደ መቈለፍ ነው። ከአንዱ ቅጥያ ጋር የገባ ቫይረስ ወደ ሌሎቹ ይተላለፋል፤ ኃይለኛው ቅርንጫፍም በየዓመቱ ካልተገረዘ ደካማውን ያፍነዋል።

ስለዚህ በ2022 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ገቨርነርስ ደሴት ላይ የከፈተውን የፍሬ ማሳ እናስበልጣለን። በዚያ በአካባቢው በቀድሞ ዘመን ይለሙ የነበሩ ዝርያዎች በ102 ዛፎች ላይ ተከፋፍለው ተቀጥለዋል። ለጋዜጣ የሚሆን ተአምር የለበትም፤ አንድ ዛፍ ቢደርቅ ግን 101 ይቀራል። በየዓመቱ መቀሱን የሚይዝ፥ የትኛው ቅርንጫፍ የትኛው ዝርያ እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ግን እዚያም ያስፈልጋል።