ስለ አቶ ደበበ እሸቱና ስለ አሊዩ አምባ መንገድ

ተዋናይ ማለት የሌላውን ሰው ኑሮ በገዛ አካሉና በገዛ ድምፁ የሚሸከም ሰው ነው። ስለዚህ ሥራው ሲመረመር «አማረበት» ወይም «አላማረበትም» ብሎ ማለፍ አይበቃም። የተሸከመው የማንን ኑሮ ነው? የጫነበትስ ማን ነው? ብሎ መጠየቅ ይገባል። የአቶ ደበበ እሸቱ የሲኒማ ሥራ በዚህ ሚዛን ሲመዘን፥ ይልቁንም «ሻፍት በአፍሪቃ» በተባለው ሲኒማ የተጫወቱት፥ ለይፋት ቆላ ሰዎች ከሌላው ሰው ይልቅ የሚነካ ነገር አለበት፤ የሲኒማው ነገር የእነርሱ መንገድ ነገር ነውና።

ሲኒማው የወጣው በ1965 ዓ.ም. (በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1973) ነው። ያወጣው ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፥ አዘጋጁም ጆን ጊለርሚን ነው፤ ከፊሉም የተነሣው በኢትዮጵያ ምድር ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ ጆን ሻፍት የሚባል የኒው ዮርክ ወንጀል መርማሪ፥ ራሚላ የሚባል ኤሚር ለምኖት፥ የአፍሪቃን ጐልማሶች በሥራ ተስፋ እያታለሉ ወደ ፓሪስ የሚያግዙትን ሰው ነጋዴዎች ሊያጋልጥ ይነሣል። እንደ አገሩ ሰው መስሎም ከተታለሉት ጋራ ይጓዛል። አቶ ደበበ ዋሳ የሚባለውን ሰው ሆነው ይታያሉ።

ይህን ታሪክ የጻፈው ሰው አሊዩ አምባን ያውቅ ይሆናል ተብሎ አይታሰብም። ነገር ግን ከአንኮበር ተራራ ሥር ያለችው ይህች ከተማ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ የንግድ በር ነበረች። በ1834 ዓ.ም. በከተማይቱ የተቀመጠው እንግሊዛዊው ቻርልስ ጆንስተን ገበያዋን አይቶ በመጽሐፉ ጽፎላታል። አሞሌው፥ ቡናውና ጨርቁ በአሊዩ አምባ ሲሸጥ፥ ሰው ደግሞ በአጠገቧ በአብዱል ረሱል ገበያ ይሸጥ ነበር። ከደቡብ አገር የተነዱት ወንዶችና ሴቶች፥ ሕፃናትም ጭምር፥ ከዚያ በፋሬ በኩል የአፋርን በረሃ በእግራቸው አቋርጠው ወደ ታጁራ ወደብ ይወርዱና ባሕር ተሻግረው ወደ ዐረብ አገር ይወሰዱ ነበር።

እንግዲህ የሲኒማው አንዱ ምስጋና ይህ ነው፤ ባርነት በዐዋጅ ከተሻረ በኋላ ልብሱን ለውጦ እንደሚመለስ አስቀድሞ አየ። በኢትዮጵያ ባርነት የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ግን ከወሎና ከሸዋ የሚነሡ ወጣቶች ያንኑ በረሃ አቋርጠው፥ ከታጁራ ጥቂት ራቅ ብሎ ካለው ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ፤ ከየመንም ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ይጓዛሉ። በ2006 ዓ.ም. ብቻ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተባርረው ተመልሰዋል። እግሩ በሰንሰለት የታሰረ የለም፤ ዕዳና ተስፋ ግን ከሰንሰለት ያላነሰ ይጐትታሉ።

ነቀፌታው ግን ከምስጋናው ይበልጣል። ዕርቃንንና ዝሙትን ለገበያ ማድመቂያ ማድረጉ ሳይነገር እንኳ፥ የኢትዮጵያን ሰው በገዛ ታሪኩ ውስጥ እንግዳ አድርጎታል። ኤሚሩን የተጫወተው በጉያና የተወለደው ሳይ ግራንት ነው። የኤሚሩን ልጅ አለሜን የተጫወተችው አሜሪካዊቱ ቮኔታ ማክጊ ናት። ኮሎኔል ጎንደር የተባለውን የተጫወተውም በካልካታ የተወለደው ማርን ማይትላንድ ነው። የአገሩን ቋንቋና ሥርዓት የሚያውቁት፥ የቴአትርን ጥበብ በሃንጋሪ አገር በቡዳፔስት የተማሩት አቶ ደበበ፥ ስማቸው ከእነዚህ ከባዕዳኑ ስሞች መካከል ተሰልፎ ይገኛል። ጀግናው ከኒው ዮርክ መጣ፤ የአገሩ ልጅ አጃቢ ሆነ።

«ታዲያ ምን ክፋት አለው? በትንሽ ክፍልም ቢሆን ስማቸው በዓለም ታይቷል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በዚያን ጊዜ ከአሜሪካ ታላላቅ ኩባንያዎች ሲኒማ ውስጥ የሚታይ ኢትዮጵያዊ እጅግ ጥቂት ነበር፤ አቶ ደበበም በሩን ከከፈቱት አንዱ ናቸው። ነገር ግን የተዋናይ መጠን የሚለካው በታየበት አገር ስፋት ብቻ አይደለም። አቶ ደበበ ከአቶ ወጋየሁ ንጋቱና ከአቶ ተስፋዬ ገሠሠ ጋራ የአማርኛን ቴአትር ከፍ ካደረጉት ትውልድ ናቸው። አቶ ወጋየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በራዲዮ ሲያነቡ፥ አንድ ድምፅ ብቻውን፥ ያለ ሥዕልና ያለ ብዙ ወጪ፥ የአገርን ሕዝብ ጆሮ ያዘ። ይህ የሚያሳየው ተዋናይ በገዛ ቋንቋው የገዛ ሕዝቡን ኑሮ ሲሸከም የሚያገኘውን ኀይል ነው። አቶ ደበበ በመድረክ ይህ ኀይል ነበራቸው፤ በ«ሻፍት በአፍሪቃ» ግን ቦታ አልተሰጠውም።

የገዛ ድምፃቸውንም ዋጋ በኑሯቸው ዐይተውታል። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ከቅንጅት ሰዎች ጋራ ታስረው በ1999 ዓ.ም. በይቅርታ ወጡ፤ በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ ዳግመኛ ታስረው በ2004 ዓ.ም. ተለቀቁ። ስለ ፖለቲካው ሰው እንደ አሳቡ ይፍረድ። ሰው የጻፈለትን ቃል በመናገር የተከበረው ሰው የራሱን ቃል በተናገረ ጊዜ መታሰሩ ግን፥ ቃል ቀላል ነገር አለመሆኑን ያስተምራል።

አሁን የሚቀረው ጥያቄ፥ ያን መንገድ ማን ይተርከው? የሚል ነው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይባላል። በሲኒማው ሰው ነጋዴው አማፊ አውሮጳዊ ሆኖ ስለ ታየ፥ የእኛ ሰው ራሱን ሳይመረምር ተመልክቶ ሊወጣ ይችላል። በአብዱል ረሱል ግን የሸጠው ሁሉ ባዕድ አልነበረም፤ ንጉሡም ከገበያው ቀረጥ ይቀበል ነበር። ዛሬም ወጣቱን ለመንገድ የሚያነሣሣው ደላላ ብዙ ጊዜ ጎረቤት ወይም ዘመድ ነው። ይህን በአማርኛ መድረክ ላይ ማሳየት ከሆሊዉድ ሥራ ይልቅ የሚከብደው ገንዘብ ስለሚጠይቅ ሳይሆን፥ ተመልካቹ በተውኔቱ ውስጥ የገዛ ቤቱን ስለሚያገኝ ነው።

ስለዚህ የይፋትና የአንኮበር የተማሩ ልጆች የአሊዩ አምባን የገበያ ቀን፥ የፋሬን ቁልቁለትና የታጁራን ዳርቻ በተውኔት ቢጽፉ መልካም ነው፤ የተሸጠችውን ልጅ ብቻ ሳይሆን ሻጩንም፥ ቀረጥ ተቀባዩንም፥ ዐይቶ ዝም ያለውንም ሰው ያቁሙበት። ከአቶ ደበበ መንገድ የሚከተሉት ተዋንያንም እንዲህ ያለውን ክፍል፥ ትንሽ ቢሆን እንኳ፥ ከባዕድ አገር አጃቢነት አስበልጠው ይመኙት።