በአሮጌ መኪና ላይ የተገጠመ ካሜራና ቴፕ እንዴት ይመረመራል

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ከሚመላለሱት መኪናዎች መካከል ከ25 እና ከ30 ዓመት በፊት ተሠርተው ዛሬም ሳይታክቱ የሚያገለግሉ የቶዮታ ኮሮላዎች እጅግ ብዙ ናቸው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ ሆነው ከውጭ በሚገቡ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ከጣለ ወዲህ ደግሞ፣ በእጅ ያለችውን መኪና ጠብቆና አድሶ መያዝ ለብዙ ሰው የሚሻል መንገድ ሆኗል። ከዚህ እድሳት አንዱ የፋብሪካውን ሬዲዮ አውጥቶ ባለስክሪን ቴፕ ማስገባትና ከታርጋው በላይ የኋላ ካሜራ ማስገጠም ነው፤ ቴፕ ማለታችንም የካሴቱ ዘመን ቢያልፍ ስሙ ከሕዝቡ አፍ ስላልወጣ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ለመፍረድ የሚሻ ሰው ግን በስክሪኑ ብርሃንና በቀለሙ ድምቀት ብቻ ቢፈርድ ይስታል፤ የሥራው ገሃድ ጥቂት፣ ኅቡእ ግን ብዙ ነውና።

እኔ ይህን የተማርሁት በኪሳራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ኮሮላዬን ወደ አንድ ሱቅ ወስጄ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ስክሪኑም ካሜራውም ተገጥሞ፣ መልኩም አምሮ ስላየሁት፣ ደስ ብሎኝ ከፍዬ ወጣሁ። ክረምት ሲገባ የካሜራው መስታወት ከውስጥ በኩል ጉም ያዘ፤ መኪናይቱም ሁለት ቀን ከቆመች ባትሪዋ እየሞተ የሰፈር ልጆች በግፊ ያስነሡልኝ ጀመር። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ሄድሁ። ዳሽቦርዱን ፈትቶ ቴፑን ወደ ራሱ ሲስበው፣ በስተኋላው ያለው የሽቦ እቅፍ ሁሉ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎ ወጣ፤ ፕላስተሩን በአውራ ጣቱ ገፋ ቢያደርገው ማጣበቂያው በፀሐይ ሙቀት እንደ ሬንጅ ቀልጦ ኖሮ ተንሸራተተ፣ ከሥሩም በእጅ ብቻ የተጠማዘዘ ባዶ መዳብ ታየ፣ ጫፉም አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። ረዳቱ ወጣት ከፋብሪካ ጀምሮ የነበረውን ሶኬት ተቆርጦ ከዳሽቦርዱ ውስጥ ወድቆ አገኘውና አንሥቶ፣ “ጋሼ፣ ይኸ እያለ ሽቦውን ለምን ቆረጡት?” ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ሽማግሌው ግን ሶኬቱን ተቀብሎ ጥቂት ካየው በኋላ፣ “ልጄ፣ አርደዋታል እኮ” አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የማንኛውንም ገጣሚ ሥራ ስመረምር አስቀድሜ የምጠይቀው የፋብሪካው ሽቦ ተቆርጧል ወይስ አልተቆረጠም የሚለውን ነው። አንዱ ጫፉ በመኪናይቱ ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ሌላው ጫፉ ከአዲሱ ቴፕ ጋር የሚያያዝ መሸጋገሪያ ሶኬት ከቴፑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር በጥቂት ገንዘብ የሚገኝ ነገር ስለሆነ፣ ለመቁረጥ የሚያበቃ ምክንያት ከስንት አንዴ ቢገኝ ነው። ዕድሜው 25 ዓመት የሆነ ሽቦ ልባሱ ደርቋል፤ አንድ ጊዜ ሲቆረጥ ያጥራል፣ ሁለተኛ ሲቆረጥ ለእጅ የማይደርስ ጉቶ ይሆናል፣ ከዚያም በኋላ የሚመጣው ሠራተኛ ጠቢብ እንኳ ቢሆን በሰላም የሚጀምርበት ቦታ ያጣል። የብራና መጽሐፍ የሚያውቅ ሰው መጽሐፍ ሲቀርብለት በድጉሱ ሐረግ ተደንቆ እንደማይቀርና ገልጦ የጥራዙን ስፌት እንደሚያይ፣ ባለመኪናም ዳሽቦርዱ ሳይዘጋ ልየው ማለት ይገባዋል። ይህንንም መኪናውን ሲያስረክብ አስቀድሞ ይናገር፤ በሥራው የሚተማመን ገጣሚ በዚህ አይከፋም፣ እንዲያውም የእጅ ባትሪውን አቅርቦ ያበራልሃል።

ያን ጊዜ የምታየው መጋጠሚያዎቹን ነው። መልካም መጋጠሚያ ወይ በብየዳ የተያዘ ወይ በመጭመቂያ መሣሪያ በብረት እጅጌ ውስጥ የተጨመቀ ሆኖ፣ በላዩ በሙቀት የሚኮማተር የላስቲክ ቱቦ ለብሶ ይገኛል፤ በሁለት ጣት ይዘህ ጠበቅ አድርገህ ብትስበው አይንቀሳቀስም። የማሳው ሽቦ፣ ማለት ኔጋቲቩ፣ ቀለሙ ተፍቆ ነጭ ብረቱ በወጣ የመኪናው አካል ላይ በብሎን መታሰር አለበት፤ በፕላስቲክ ላይ በገባ ቪቴ የታሰረ ማሳ፣ ወይም ቀለም ሳይፋቅ የታሰረ፣ ዛሬ ቢሠራም ነገ በድምፁ ውስጥ ፉጨት ሆኖ ይመለሳል።

ስለ ፊቱ አቀማመጥ ብዙ የምለው የለኝም። የተለመደው ባለሁለት እጥፍ ቴፕ ስፋቱ 180፣ ቁመቱ 100 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የቶዮታ ዳሽቦርድ ክፍተት ግን አብዛኛውን ጊዜ 200 ሚሊሜትር ስለሆነ በግራና በቀኝ 10፣ 10 ሚሊሜትር ይተርፋል፤ ይህ በተለካ ማሟያ ተሞልቶ፣ ቴፑም በመኪናይቱ በራሷ የጎን ብረቶች በአራት ብሎን ከታሰረ ይበቃል። በሙጫ ወይም በተጣጠፈ ካርቶን የተያዘ ቴፕ ኮረኮንች ላይ ይመሰክራል።

የባትሪዬ መሞት ምሥጢር ከሁለት ቀለም የወጣ ነበር። ከውጭ በሚመጡት ቴፖች ልማድ፣ ቢጫው ሽቦ ሰዓቱንና ማስታወሻውን ይጠብቅ ዘንድ ዘወትር ኀይል የሚያገኝ ነው፤ ቀዩ ግን ቁልፉ ሲዞር ብቻ ኀይል ማግኘት ይገባዋል። ቸኩሎ የሚሠራ ሰው የቁልፉን መስመር ፈልጎ ማግኘት ሲሰለቸው ሁለቱን በአንድነት ከቢጫው ላይ ያስራቸዋል፤ ስክሪኑ ይጠፋል፣ ውስጡ ግን ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ያድራል። ሽማግሌው የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትቶ ቴስተሩን በመካከል ሲያስገባ፣ ሁሉም ነገር ጠፍቶ ሳለ 400 ሚሊአምፔር ይፈስ ነበር፤ በጤናማ መኪና ግን ይህ ቁጥር ከ50 ባያልፍ ነው የሚወደደው። ሥራ ስትረከብ ይህ ልክ በፊትህ ይለካልህ ዘንድ ጠይቅ፤ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። ወደ ቴፑ የሚሄደው መስመርም ከኀይሉ ምንጭ አጠገብ የራሱ ፊውዝ እንዳለው እይ፤ ከምንጩ ርቆ የተቀመጠ ፊውዝ በመካከል ያለውን ሽቦ ከእሳት አያድነውምና።

ካሜራው ጌጥ አይደለም። በአሜሪካ አገር የሁለት ዓመት ሕፃን አባቱ መኪናውን ወደ ኋላ ሲያንቀሳቅስ ተገጭቶ ስለሞተ፣ በዚያ ሕፃን ስም የተጠራ ሕግ ወጥቶ፣ እ.ኤ.አ. ከሜይ 1 ቀን 2018 ጀምሮ የሚሠሩ ቀላል መኪናዎች ሁሉ የኋላ ካሜራ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆኗል። የዚያ ደንብ መለኪያ ለእኛም ይጠቅማል፤ ከመኪናው በስተኋላ 3 ሜትር በ6 ሜትር የሚሆን ስፍራ መታየት አለበት፣ ምስሉም የኋላ ማርሽ ከገባ በ2 ሰኮንድ ውስጥ መውጣት አለበት። ስለዚህ ሞተሩ ሲነሣ ወዲያውኑ ወደ ኋላ ማርሽ አስገባና ቁጠር፤ ስክሪኑ የሱቁን ምልክት እያሳየ ግማሽ ደቂቃ የሚያስጠብቅ ከሆነ፣ ሕፃን ከኋላ የሚቆመው በዚያው ግማሽ ደቂቃ ነው።

የካሜራው ሽቦ መንገድ ከሁሉ ይበልጥ የሠሪውን ጠባይ ይገልጣል። የፖርቶ መጋላውን ክዳን ከፍተህ በማጠፊያው በኩል ተመልከት፤ ፋብሪካው የክዳኑን ሽቦዎች ያሳለፈበት የተሸበሸበ የጎማ ቱቦ አለ፣ የካሜራውም ሽቦ ከእነርሱ ጋር በዚያ ውስጥ ማለፍ አለበት። ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ቱቦውን ከሁለት ወገን መንቀል፣ በሳሙና ውሃ ማለስለስና ቀጭን የብረት ዘንግ መስደድ ያስፈልጋልና። ትዕግሥት የሌለው ሰው ግን ሽቦውን በክዳኑ ጠርዝ ላይ ያሳልፈዋል፤ ክዳኑ በተዘጋ ቁጥር ሽቦው ይነከሳል፣ በዚያውም የዝናብ ውሃ ይገባል። ላሜራው ተበስቶ ከሆነ የቀዳዳው ጠርዝ ፀረ ዝገት ቀለም መቀባቱንና የጎማ ቀለበት መልበሱን በጣትህ ዳስ። የእኔ ቀዳዳ እርቃኑን ነበር፤ በአንድ ክረምት ዙሪያው ዛገ።

ምስሉ እንደ መስታወት መገልበጥ አለበት። ለዚህ ያገኘሁት ቀላል ፈተና፣ ከኋላ በቆመ መኪና ታርጋ ላይ ያለውን ጽሕፈት በስክሪኑ ማየት ነው፤ ፊደሉ ተገልብጦ ከታየ ትክክል ነው፣ አቅንቶ ከተነበበ ግን ግራና ቀኝህ ተለዋውጠዋልና በጭንቀት ሰዓት መሪውን ወደ ተሳሳተው ወገን ታዞራለህ። ቀጥሎ ጀሪካን ከፓራውልቱ በ50 ሳንቲሜትር፣ በ1 ሜትርና በ2 ሜትር እያስቀመጥህ በስክሪኑ ላይ ርቀት ከሚያመለክቱት ባለቀለም መስመሮች ጋር አመሳክር፤ ሰፊ እይታ ያለው ሌንስ ቅርቡን ሩቅ አስመስሎ ያሳያልና፣ ቀዩ መስመር በእውነት ምን ያህል እንደሆነ በዐይንህ ሳትለካ አትመነው።

ስለ ድምፁም፣ መጀመሪያ ሞተሩ ተነሥቶ የድምፁ መጠን ዜሮ ሳለ ነዳጅ ስጥ፤ ከሞተሩ ጋር እየወጣና እየወረደ የሚሄድ ፉጨት ከሰማህ ማሳው ይመረመር። ከዚያ ከበሮ ያለበትን ዜማ ክፈትና ድምፁን ወደ ግራ ብቻ፣ ወደ ቀኝ ብቻ፣ ቀጥሎም ወደ መካከል አምጣ። በመካከል ሲሆን የከበሮው ጥልቀት ከጠፋ፣ ወደ አንድ ወገን ሲሄድ ግን ከተመለሰ፣ ከስፒከሮቹ የአንዱ ሽቦ ተገላብጦ ታስሯል፤ ሁለቱ እርስ በርሳቸው እየተሻሩ ነው። ይህን ስሕተት ለዓመታት ተሸክመው ስፒከሩን የሚወቅሱ ሰዎች አውቃለሁ።

ሽማግሌው ሥራውን በጨረሰ ጊዜ ውሎው ሁለት ቀን ሆኖ ነበር። ሒሳቡን ስከፍል አንድ ከረጢት ሰጠኝ፤ በውስጡ የፋብሪካው ሬዲዮ፣ የተረፉት ብሎኖች፣ እንዲሁም የትኛው ሽቦ ከየት እንደመጣና ፊውዙ የት እንደተቀመጠ በእጁ የጻፈበት የካርቶን ቁራጭ ነበሩ። ከረጢቱ አሁን ከስኮርታው ጎማ ሥር ተቀምጧል።