የጥላሁን ገሠሠን ድምፅ መመዘን

የጥላሁን ገሠሠ ዘፈን ብቻውን ተሰምቶ አያውቅም። አንዱ የእናቱን የቡና ሥርዓት፣ ሌላው ማታ ከሥራ ገብቶ ቴፑን የሚከፍት አባቱን አብሮ ይሰማል። «ኩሉን ማን ኳለሽ» ሲነሣማ የታላቅ እህት ሠርግ ከነዳሱ ይመጣል። ሥራውን ለመመዘን የሚሻ አድማጭ አስቀድሞ መለየት ያለበት ያስለቀሰው ዘፈኑ ይሁን ሠርጉ ነው። ለዚህ የሚበጀው በቤቱ ተሰምቶ የማያውቅ አንድ የጥላሁን ዘፈን ፈልጎ ማድመጥ ነው፤ ማንንም በማያስታውስ ዜማ ላይም ድምፁ ከያዘ፣ የያዘው ድምፁ ነው።

ጥላሁን በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው ወሊሶ ነው። ከሀገር ፍቅር ቴአትር ቤት ወደ ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ መዛወሩ ለአድማጭ ትልቅ ፍንጭ ይሰጣል። የአሜሪካ የለስላሳ ዘፈን ዘፋኞች ማይክሮፎኑን ተጠግተው ማንሾካሾክን ጥበብ አደረጉት። የክብር ዘበኛው ድምፃዊ ግን የቆመው ከትራምፔትና ከሳክስፎን ሰልፍ ፊት ነበር። ድምፁ ከደረት የሚወጣውና ከትንፋሽ መሣሪያዎቹ በላይ የሚንሳፈፈው ለዚህ ነው። ይህ ማለት ግን መጮህ አይደለም። ከፍ ባለው ኖታ ላይ ጉሮሮው ሳይጠብና ቃሉ ሳይቀጥን መቆየቱ መታየት አለበት።

ዋናው መመዘኛ ቃሉ ነው። አማርኛ ትርጉምን በማጥበቅና በማላላት ይለያል፤ «አለ» ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ይሆናል፤ «ገና» ሲላላ ያልደረሰውን ጊዜ፣ ሲጠብቅ በዓሉን ይጠራል። ዜማ ደግሞ ፊደልን ይጎትታል። ያልበሰለ ዘፋኝ ለዜማው ሲል የሚጠብቀውን ያላላል፣ የሚላላውን ያጠብቃል፤ አድማጩም በአውድ ብቻ እየገመተ ይከተለዋል። ጥላሁን አንድን ቃል ረጅም መንገድ ወስዶ ሲመልሰው ጥብቀቱን ይዞ ይመልሰዋል። ይህን ለመፈተን ግጥሙን ሳያዩ እየሰሙ መጻፍ ይበቃል፤ እርሳሱ የሚቆምባቸው ቦታዎች የዘፋኙን ወይም የቅጂውን ጉድለት ያሳያሉ። ሰምና ወርቅ ባለበት ስንኝ ላይ ደግሞ ትንፋሹን የወሰደበት ቦታ መታየት ይኖርበታል። ኅብረ ቃሉን በማይሆን ቦታ የሰበረ ዘፋኝ ወርቁን ያጠፋዋል።

ቅኝቱም የራሱ ፈተና አለው። ትዝታ የስሜት፣ የዘፈንና የቅኝት ስም ነው፤ ሦስቱን የሚያምታቱ ብዙ ናቸው። ሜጀር የሚባለው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ በማይነሩ ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ። ኪቦርድ እነዚህን ቦታዎች ቁርጥ አድርጎ ይመታቸዋል፤ ጥሩ ድምፃዊ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ እንደ ማሲንቆ ተንሸራቶ ነው የሚደርሰው። መንሸራተቱ መድረሻውን ካልሳተ ውበት ነው፤ ከሳተ ግን በስሜት ስም የተሸፈነ ስህተት ነው።

የድምፁ መርገብገብ አስመሳዮች ቀድመው የሚወስዱት ነገር ነው፤ ቀድመው የሚያበላሹትም እሱኑ ነው። ከመጀመሪያው ቃል ጀምረው ያርገበግባሉ። ኖታውን አስቀድሞ ቀጥ አድርጎ ይዞ ወደ መጨረሻው የሚለቀው እንጂ፣ ይዞ መቆየት ስላቃተው የሚያንቀጠቅጠው የሚደነቅ አይደለም። ፈጣኖቹን የጭፈራ ዘፈኖች ለመመዘን ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ እዚያ ግማሹ ሥራ የባንዱ ነው።

ቅጂውም ከዘፋኙ ተለይቶ ይመዘናል። በሸክላ፣ በካሴትና በካሴት ግልባጭ የተሰማ አንድ ዘፈን ሦስት ዓይነት ጥላሁን ሊያሰማ ይችላል። ባትሪ ድንጋዩ የደከመ ቴፕ ድምፁን ያወፍራል፣ ዜማውንም ያዘገያል፤ ሳክስፎኑም አብሮ ከወፈረ ጥፋቱ የማጫወቻው ነው። ግልባጭ በተገለበጠ ቁጥር ቀጭኑ ድምፅ ይሸሻል፤ «ሰ» እና «ሸ» ተመሳስለው ከተሰሙ ካሴቱ የግልባጭ ግልባጭ ሊሆን ይችላል። «ኤትዮፒክ» የተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ 17ኛው አልበም የቀድሞ ሥራዎቹን ስለያዘ ለማነጻጸር ይረዳል።

የቤተሰብ ካሴት በዚህ ሁሉ መስፈርት ዝቅተኛውን ነጥብ ያገኛል፤ ብዙውን ጊዜ ግን በዕቃ ሳጥን ውስጥ ተጠቅልሎ የሚቀመጠው እሱ ነው። ከሬዲዮ የተቀዳ ከሆነ መጨረሻው ላይ የጋዜጠኛው ድምፅ ይገባና ዘፈኑን ይቆርጠዋል። በዚያ ካሴት ያደገ ሰው ሙሉውን ዘፈን ሲያገኝ እዚያው ቦታ ላይ ጋዜጠኛውን ይጠብቃል፤ የሚመጣለት ግን በልጅነቱ ሰምቶት የማያውቀው የሳክስፎን መዝጊያ ነው።